የምባሬ አያቶች፦ የአንድ የአእምሮ ጤና ድርጅት አመሠራረት

የአንድን የሕክምና ዘዴ ታሪክ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከሐኪሙ ስም ነው። ሐኪሙ አሰበ፣ ሐኪሙ ሞከረ፣ ውጤቱም በሙያ መጽሔት ታተመ ይባልና ታሪኩ በዚያው ይዘጋል። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሀራሬ፣ ምባሬ በተባለው ሠፈር በ2006 ዓ.ም. የተጀመረውና ዛሬ «የወዳጅነት አግዳሚ» በሚል ስም በብዙ አገሮች የታወቀው ድርጅት ታሪክም የሚነገረው በአመዛኙ በዚሁ መንገድ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሐኪሙ ድርሻ በእርግጥ ትልቅ ነው፤ ሊያሳንሰው የሚገባ የለም። ይሁን እንጂ ነገሩን ከሥሩ ለሚከታተል ሰው፣ ለሥራው ስሙን የሰጡት፣ ቃሉን የመረጡት፣ ከወረቀት ላይ አውርደውም ሰው እንዲቀበለው ያደረጉት ዐሥራ አራት አያቶች መሆናቸው ግልጽ ሆኖ ይታየዋል።

ምባሬ በሀራሬ ከሚገኙት የጥቁሮች መኖሪያ ሠፈሮች ሁሉ አንጋፋው ነው። የተቈረቈረው በ1907 ዓ.ም. ነው። በቅኝ አገዛዙ ዘመን ከተማይቱ ሶልዝበሪ ትባል ስለ ነበር፣ «ሀራሪ» የሚለው ስም የዚህ ሠፈር ብቻ ነበር። (ስሙ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ቅርብ ቢመስልም ከሐረር ከተማ ጋር ምንም ዝምድና የለውም።) አገሪቱ በ1980 ዓ.ም. ነጻ ወጥታ በ1982 ዓ.ም. ዋና ከተማዋ ሀራሬ ተብላ ስትሰየም፣ ሠፈሩ ምባሬ ተባለ። ለብቸኛ ወንድ ሠራተኞች ማደሪያ ታስበው የተሠሩት ፎቆች ከጊዜ ብዛት ባል፣ ሚስትና ልጆች በአንድ ክፍል የሚኖሩባቸው ቤቶች ሆኑ። ሙሲካ የተባለው ታላቅ ገበያና የአገር አቋራጭ አውቶቡሶች መናኸሪያ በዚያው ስለሚገኙ፣ ከገጠር የሚመጣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚረግጠው መሬት ምባሬ ነው። ችግሩም፣ ወሬውም፣ አዲስ ነገሩም ቀድሞ የሚደርሰው እዚያ ነው።

የሾና ቋንቋ ተናጋሪዎች የውስጥ ጭንቀት የያዘውን ሰው ሁኔታ ሲገልጹ «ኩፉንጊሲሳ» ይላሉ፤ «ማሰብ ማብዛት» እንደ ማለት ነው። አማርኛ ተናጋሪ «ሐሳብ በዛበት» ወይም «በሐሳብ አለቀ» ሲል የሚፈልገውን ሁሉ ይህ አንድ ቃል ይዞታል። ሐሳብ የበዛበት ሰው እንቅልፍ ያጣል፤ ራሱን ያመዋል፤ ልቡ ይመታል፤ ትናንት የወደደው ሥራ ዛሬ ያስጠላዋል። ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ግን የሚናገረው ስለ ራስ ምታቱ ነው፤ ነርሷም የራስ ምታት ክኒን ሰጥታ ትሸኘዋለች። ባለሙያው ትካዜ ወይም ድባቴ የሚለው ሕመም በዚህ ዐይነት ለብዙ ዓመታት በካርድ ላይ ሳይጻፍ ቀረ። ከዚህም የተነሣ በሽታው በአፍሪቃ እምብዛም የለም የሚሉ የውጭ ሊቃውንት አልታጡም ነበር።

ይህን አስተሳሰብ ካናጉት ሰዎች መካከል ሁለቱ በ1990ዎቹ ዓመታት በሀራሬ የሠሩ ሐኪሞች ናቸው። አንደኛው ሕንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ቪክራም ፓቴል ሲሆኑ፣ በዚምባብዌ ዩኒቨርሲቲ በነበሩበት ጊዜ ባልደረቦቻቸውን ይዘው ሕሙማንንና የባህል ሐኪሞችን እያነጋገሩ ሰዎች ጭንቀታቸውን የሚገልጹባቸውን ቃላት ሰበሰቡ። ከዚህ ሥራ የተገኘው «የሾና የሕመም ምልክቶች መጠይቅ» በ1997 ዓ.ም. ታተመ። መጠይቁ «አዎ» ወይም «አይደለም» ተብለው የሚመለሱ 14 ጥያቄዎች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ኩፉንጊሲሳ ነው። ሁለተኛዋ ሜላኒ አባስ ናቸው። እርሳቸውና ባልደረባቸው በአንድ የሀራሬ ሠፈር በዕጣ የተመረጡ 172 ሴቶችን መርምረው፣ ከእነዚህ ውስጥ 30.8 ከመቶ የሚሆኑት ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ የትካዜ ወይም የጭንቀት ሕመም እንደ ነበረባቸው አገኙ፤ ውጤቱ የታተመው በዚያው በ1997 ዓ.ም. ነው። አባስ ከዚያ በፊት በ1994 ዓ.ም. ከአገሪቱ ባለሙያዎች ጋር ሆነው፣ ይህን ሕመም በጤና ጣቢያ ደረጃ ለመርዳት የሚያስችል አሠራር ለሙያ መጽሔት አቅርበው ነበር። እንግዲህ መጠይቁም ሆነ የምክር ሕክምናው ዘር አግዳሚው ከመተከሉ ከዐሥር ዓመት በላይ አስቀድሞ በአገሪቱ ውስጥ ነበረ። የጎደለው የሚዘራው ሰው ነበር። የአገሪቱ ኤኮኖሚ እየደቀቀ ሲሄድ ነርሶችና ሐኪሞች ወደ ደቡብ አፍሪቃና ወደ እንግሊዝ አገር ይሰደዱ ጀመር፤ በቦታቸው የቀሩትም የኤች አይ ቪ ሕሙማንንና ወላድ እናቶችን ከመርዳት ተርፈው ሐሳብ የበዛበትን ሰው ቁጭ ብለው የሚያዳምጡበት ሰዓት አልነበራቸውም።

በ2005 ዓ.ም. ግንቦት ወር የአገሪቱ መንግሥት «ሙራምባትስቪና» የተባለውን ዘመቻ ጀመረ። ቃሉ «ቆሻሻን ማስወገድ» ማለት ነው። ያለ ፈቃድ ተሠርተዋል የተባሉ ቤቶች፣ ሱቆችና የገበያ መደቦች በቡልዶዘር ፈረሱ። ጊዜው በዚያ አገር ክረምት የሚገባበት፣ ሌሊቱ የሚበርድበት ወቅት ነበር። ነገሩን እንዲያጣሩ በተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የተላኩት ታንዛኒያዊቷ አና ቲባይጁካ በሐምሌ ወር ባቀረቡት ዘገባ፣ ወደ 700,000 የሚጠጋ ሕዝብ ቤቱን፣ ወይም መተዳደሪያውን፣ ወይም ሁለቱንም እንዳጣ ገለጹ። ምባሬ ክፉኛ ከተጎዱት ሠፈሮች አንዱ ነው። በዚያው ሠፈር ቀድሞውኑ በኤች አይ ቪ ምክንያት ልጆቻቸውን ቀብረው የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አያቶች ብዙዎች ነበሩ። አሁን ደግሞ ቤቱ ፈረሰ።

ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ በዚህ ጊዜ በሀራሬ የሚሠሩ የአእምሮ ሐኪም ነበሩ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት አገር ውስጥ የአእምሮ ሐኪሞቹ ቊጥር ወደ ዐሥር የሚጠጋ ብቻ ነበር። በዚያው በ2005 ዓ.ም. እርሳቸው ይከታተሏት የነበረች አንዲት ወጣት ሴት ከከተማይቱ ርቃ በምትኖርበት ስፍራ የራሷን ሕይወት አጠፋች። ሐኪሙ ኋላ በአደባባይ ደጋግመው እንደ ተናገሩት፣ ቤተሰቧ ወደ ሆስፒታል እንዲያመጣት ተነግሮት ነበር፤ ያላመጣትም ለአውቶቡስ የሚከፈለውን 15 ዶላር ስላጣ ነው። መድኃኒቱም፣ ሐኪሙም፣ ሆስፒታሉም ነበሩ። የጎደለው የመሳፈሪያ ገንዘብ ነው። ከዚህ በኋላ ለሐኪሙ ጥያቄው ተለወጠ፤ ሕመምተኛው ወደ ሆስፒታል እንዴት ይምጣ የሚለው ቀርቶ፣ ሆስፒታሉ ሕመምተኛው ወዳለበት እንዴት ይሂድ የሚል ሆነ።

ቺባንዳ በምባሬ አንድ ነገር ለመጀመር ሲነሡ የጠየቁት ነርሶችንና ክፍል ነበር። የተሰጣቸው ግን ሁለቱም አይደሉም። ነርሶቹ ሥራ በዝቶባቸዋል፤ የጤና ጣቢያዎቹ ክፍሎችም ሞልተዋል፤ ገንዘብም የለም ተባሉ። የተፈቀደላቸው ዐሥራ አራት አረጋውያን ሴቶችና ከጤና ጣቢያው ውጭ ያለው ግቢ ነበር። ሐኪሙ በመጀመሪያ ቅር መሰኘታቸውን አልደበቁም። ዓመታት በማስተማሪያ ሆስፒታል ያሳለፈ ሰው «በአያቶች ምን ይሠራል?» ብሎ ቢያስብ የሚያስደንቅ አይደለም።

አያቶቹ ግን ከመንገድ የተጠሩ ሰዎች አልነበሩም። በ1978 ዓ.ም. በአልማ አታ የተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ የመሠረታዊ ጤና አጠባበቅን ዐላማ ካወጀ በኋላ፣ በ1980 ዓ.ም. ነጻ የወጣችው ዚምባብዌ ከሕዝቡ መካከል የተመረጡ የጤና ሠራተኞችን በብዛት አሠልጥና ነበር። እነዚህን ሴቶች ሕዝቡ «አምቡያ ኡታኖ» ይላቸዋል፤ «የጤና አያት» ማለት ነው። ክትባት ያልተከተበውን ሕፃን ቤት ለቤት እየዞሩ የሚፈልጉ፣ የሳምባ ነቀርሳ መድኃኒት ያቋረጠውን ሰው የሚመልሱ፣ በኤች አይ ቪ የደከመውን በአልጋው ላይ የሚያጥቡና የሚያጎርሱ እነርሱ ነበሩ። የአንዱን ቤት ገመና፣ የሌላውን ዕዳ፣ የዚያችን ልጅ አባት ማንነት ያውቃሉ፤ ማወቃቸውንም አይናገሩም። ከሁሉም በላይ ደግሞ አይሄዱም። ነርሷ ወደ ለንደን፣ ሐኪሙ ወደ ጆሃንስበርግ ሊሄድ ይችላል፤ አምቡያ ኡታኖ ግን ልጆቿም መቃብሮቿም ምባሬ ናቸው።

ከሕዝቡ የወጣ ሰው በአእምሮ ሕክምና እንዲሳተፍ ማድረግ በአፍሪቃ ፈጽሞ አዲስ ነገር አልነበረም። ናይጄሪያዊው ሐኪም ቶማስ አዴዎዬ ላምቦ በ1954 ዓ.ም. በአቤኦኩታ አጠገብ በሚገኘው በአሮ፣ ሕሙማን በመንደር ውስጥ ከዘመዶቻቸው ጋር እየኖሩ የሚታከሙበትን ሥርዐት መሥርተው በዓለም ታውቀዋል። በአሮ ግን መንደሩ ሕመምተኛውን ያስታምም እንጂ ሕክምናው በሐኪሙ እጅ ነበረ። የምባሬው ጉዳይ አንድ እርምጃ ያልፋል፤ ሕክምናውን ራሱን ለአያቶቹ አስረከበ።

ቺባንዳ መጀመሪያ ላይ ለሥራው የሰጡት ስም «የአእምሮ ጤና አግዳሚ» የሚል ነበር። ስሙ ሙያዊና ትክክለኛ ነው። ችግሩ ማንም ሊቀመጥበት አለመፈለጉ ነው። በሠፈሩ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤት እያየው «የአእምሮ» በተባለ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ማን ነው? አያቶቹ ይህን ለሐኪሙ ነገሯቸው፤ ስሙንም ለወጡት። እነርሱ ያወጡት ስም «ቺጋሮ ቼኩፓና ማዛኖ» ነው፤ «ምክር የሚለዋወጡበት መቀመጫ» ማለት ነው። «የወዳጅነት አግዳሚ» የሚለው ለውጭ ሰው እንዲመች የተሰጠው ስም ነው፤ የመጀመሪያውን ፍሬ ነገር ግን በመጠኑ አደብዝዞታል። በሾናው ስም ውስጥ ምክር የሚሰጥና ምክር የሚቀበል የለም፤ ሁለቱም ይለዋወጣሉ። ምክር ለመለዋወጥ ደግሞ ማንም ቢቀመጥ አያሳፍርም።

ስለ አግዳሚው ራሱ ብዙ ተብሏል። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደ አንድ አቅጣጫ ማየታቸው፣ በመካከላቸው ጠረጴዛ አለመኖሩ፣ ዛፍ ጥላ ሥር መሆኑ፣ ሁሉም እንደ ታላቅ የሕክምና ፍልስፍና ሲተረጎም ይታያል። እውነቱ ቀለል ያለ ነው፤ ክፍል አልተገኘም። ቢሮ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ ዐሥራ አራቱ አያቶች ዛሬ በቢሮ ውስጥ በተቀመጡ ነበር፤ የአግዳሚውም ነገር ባልተነሣ። ይህ ማለት ግን አግዳሚው አልጠቀመም ማለት አይደለም። ከጤና ጣቢያው ደጃፍ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ወንበር ሰዎቹን ያሳያል እንጂ ንግግራቸውን አያሰማም። በአገሩ ባህል ትልቅ ሰው ከወጣት ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጦ ማውራቱም ለተመልካች የሕመም ምልክት ሆኖ አይታይም።

የዘዴው ስም በሙያ ቋንቋ «ችግርን በመፍታት ላይ የተመሠረተ የምክር ሕክምና» ነው። አያቶቹ ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሠለጠኑበት። ከመጽሐፍ የመጡት ቃላት ግን በምባሬ አንደበት አልገቡም፤ በእነርሱ ፈንታ ሦስት የሾና ቃላት ተተኩ። የመጀመሪያው «ኩቩራ ፕፉንግዋ»፣ አእምሮን መክፈት ነው። ሁለተኛው «ኩሲሙድዚራ»፣ የወደቀውን ማንሣት ነው። ሦስተኛው «ኩሲምቢሳ»፣ ማጽናት ነው። ማንኛዋም የምባሬ ሴት እነዚህን ቃላት ያለ አስተርጓሚ ታውቃቸዋለች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ወደ ጤና ጣቢያው የመጣ ሰው በ14ቱ ጥያቄዎች ይጠየቃል። የመልሱ ድምር ከተወሰነው መጠን ካለፈ ወደ አግዳሚው ይላካል። ለምሳሌ ያህል የቤት ኪራይ ያለባት፣ ባሏ የሚጠጣ፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒቷን ያቋረጠች አንዲት ሴት ብትመጣ፣ አያቲቱ «አይዞሽ ልጄ» ብለው የመጣላትን ሁሉ እንድትናገር ይተዋታል፤ ንግግሯን አያቋርጧትም። ይህ አእምሮን መክፈት ነው። ከዚያ ከተቈጠሩት ችግሮች አንዱን ራሷ እንድትመርጥ ያደርጓታል። ባሏን ከመጠጥ ማስጣል ምናልባት በዚህ ሳምንት የሚሆን አይደለም፤ የኪራዩን ነገር ከቤቱ ባለቤት ጋር መነጋገር ግን ይቻል ይሆናል። መቼ ትሄዳለች? ምን ትላለች? እምቢ ቢላትስ? ይህ ሁሉ አንድ በአንድ ይነጋገሩበታል። የመጀመሪያው ንግግር አንድ ሰዓት ያህል ሊወስድ ይችላል፤ የሚቀጥሉት ያጥራሉ። ሴቲቱ በሳምንቱ ተመልሳ የሆነውን ትናገራለች፤ አንድ ችግር በራሷ እጅ መፍታት የቻለች ሴት ሁለተኛውን ለመጀመር አቅም ታገኛለች። ይህ እስከ ስድስት ጊዜ ይደጋገማል። ነፍሷን ለማጥፋት የምታስብ ሆና ከተገኘች አያቲቱ ብቻቸውን አይዙትም፤ ወዲያውኑ ለተቈጣጣሪ ባለሙያ ያስተላልፋሉ።

የአያቶቹ ትልቁ ፈተና ራሳቸውን መግታት ነበር ማለት ይቻላል። ትልቅ ሴት በማንኛውም የአፍሪቃ መንደር መፍትሔውን ራሷ መናገር ልማዷ ነው፤ «ተዪው»፣ «ታረቂው»፣ «ወደ እናትሽ ሂጂ» ማለት ይቀላታል። ዘዴው ግን ምርጫውን ለባለ ችግሯ ይተወዋል። ሥልጠና የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ማዳመጥን ያውቁት ነበር፤ ሳይፈርዱ ቈይቶ መጠየቅን ተማሩ።

እንዲህ እየተሠራ ዓመታት አለፉ። ዘመኑ የከፋ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. የአገሪቱ ገንዘብ ዋጋ አጣ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር የጀመረው ኮሌራ በሚቀጥለው ዓመት እስኪቆም ድረስ ከ4,000 በላይ ሰዎችን ገደለ። በ2011 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሥራ ውጤት ታተመ። በምባሬ አግዳሚዎች ላይ ምክር ያገኙ 320 ሰዎች በመጠይቁ ላይ የነበራቸው አማካይ ድምር ከ11.3 ወደ 6.5 ወርዶ ነበር። ውጤቱ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም ተጠራጣሪን አይመልስም፤ ሕመሙ በጊዜ ብዛት በራሱ ይቀል እንደ ሆነ የሚያሳይ የማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም።

ይህን ጥርጣሬ የዘጋው በ2014ና በ2015 ዓ.ም. መካከል የተካሄደው፣ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት ነው። ቺባንዳ፣ አባስና ሌሎች ባልደረቦቻቸው 24 የሀራሬ ጤና ጣቢያዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። በ12ቱ አግዳሚው ተተከለ፤ በቀሩት 12 ጣቢያዎች ሕሙማን ከነርሶች የተለመደውን ርዳታ፣ ከወትሮው በተሻለ ሁኔታ፣ እንዲያገኙ ተደረገ። በጠቅላላው 573 ሰዎች ገቡ፤ ከስድስት ወር በኋላ 521ዱ ተገኝተው እንደገና ተመረመሩ። አብዛኞቹ ሴቶች ሲሆኑ፣ 41.7 ከመቶዎቹ የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደማቸው ውስጥ ነበረ። በመጨረሻው ምርመራ የመጠይቁ አማካይ ድምር በተለመደው ርዳታ 8.90፣ በአግዳሚው 3.81 ሆኖ ተገኘ። የትካዜ ምልክት የታየባቸው በመጀመሪያው ቡድን 49.9 ከመቶ፣ በሁለተኛው 13.7 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በድሀ ከተማ፣ በትንሽ ወጪ፣ የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ ባልረገጡ ሴቶች የተገኘ ውጤት በመሆኑ ዓለምን አስደነቀ።

አድናቆቱ የሚገባ ነው፤ ሆኖም ባለሙያ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ነፍሱን ለማጥፋት የወሰነ ሰው፣ ከእውነታ የተለየ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርና አራስ ሴት በጥናቱ ውስጥ አልተካተቱም። ይህ ለሕሙማኑ ደኅንነት ሲባል የተደረገ ተገቢ ጥንቃቄ ነው። ትርጉሙ ግን ከባድ ነው። በ2005 ዓ.ም. በ15 ዶላር እጦት የሞተችው ወጣት፣ የሥራው ሁሉ መነሻ የሆነችው ሴት፣ በሕመሟ ጫፍ ላይ ሳለች ወደ አግዳሚው መጥታ ቢሆን ኖሮ በጥናቱ ውስጥ ልትገባ አትችልም ነበር፤ ወደ ሐኪም ትላክ ነበር። ስለዚህ አግዳሚው የአእምሮ ሐኪሙን ቦታ ሊተካ አይችልም። የሚሠራው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ሕመሙ ገና «ሐሳብ» በሚባልበት ጊዜ ነው፤ በዚያ ጊዜ አንድ ሰው በእግሩ ሄዶ፣ ያለ መሳፈሪያ፣ የሚቀመጥበት ቦታ መኖሩ ነው ቁም ነገሩ። አግዳሚ ከተተከለ የአእምሮ ሐኪም ማሠልጠን አያስፈልግም የሚል አስተዳዳሪ ካለ ጥናቱን በሚገባ አላነበበውም።

ሌላም ነገር አለ። በጥናቱ ጽሑፎች ውስጥ አያቶቹ የሚጠሩት «ሙያ የሌላቸው የጤና ሠራተኞች» በሚል ስያሜ ነው። ስያሜው በመስኩ የተለመደ እንጂ ለንቀት የተባለ አይደለም። ነገር ግን ለብዙ ዓመታት የሳምባ ነቀርሳን፣ የክትባትንና የኤች አይ ቪን ሥራ በእግሯ ስትሠራ የኖረችን ሴት ሙያ የላትም ማለት፣ ሙያ የሚለውን ቃል ከምስክር ወረቀት ጋር ብቻ ማሰር ነው። ጉዳዩ የቃል ብቻ አይደለም። የዘዴው ዋና ምስጋና ርካሽነቱ ነው፤ ርካሽ የሆነበት ዋና ምክንያት ደግሞ የአያቶቹ ድካም በትንሽ አበል ብቻ መከፈሉ ነው። ሥራው በስፋት ይዳረስ ሲባል ይህ ሒሳብ በየአገሩ ይነሣል፤ የነርስና የሐኪም ደመወዝ በበጀት ሲያዝ የአያቶቹ ድርሻ «በጎ ፈቃድ» ተብሎ ይታለፋል። ሐኪሙ ራሳቸው በየመድረኩ የአያቶቹን ድርሻ ከራሳቸው አስቀድመው መናገራቸው የሚያስመሰግናቸው ነው፤ በ2025 ዓ.ም. ያሳተሙትም መጽሐፍ ርእሱ ዐሥራ አራቱን አያቶች ያነሣል። ነገር ግን ምስጋናና ደመወዝ ለየቅል ናቸው።

ከጥናቱ በኋላ ሥራው በፍጥነት ተስፋፋ። በ2017 ዓ.ም. በሀራሬ፣ በቺቱንግዊዛና በግዌሩ ከተሞች ከ70 በላይ በሆኑ ጤና ጣቢያዎች ደርሶ ነበር። ድርጅቱም ለትርፍ ያልቆመ ራሱን የቻለ ተቋም ሆነ። ማላዊና ዛንዚባር አሠራሩን ወሰዱ። የኒው ዮርክ ከተማ ደግሞ ብርቱካንማ ቀለም የተቀቡ አግዳሚዎችን በየሠፈሩ አስቀመጠች። በዚያ ግን አያቶቹ አልነበሩም፤ በአግዳሚው ላይ የሚቀመጡት ራሳቸው የአእምሮ ሕመምን ወይም የሱስን ችግር አልፈው የወጡ ሰዎች ነበሩ። ለውጡ አስተዋይ ነው፤ በእያንዳንዱ ከተማ ሰው ልቡን የሚከፍትለት ሰው የተለያየ ነውና።

ኢትዮጵያም ከዚህ ታሪክ ጋር የምትገናኝበት አንድ መስመር አለ። ከሠሃራ በስተ ደቡብ ባሉ አገሮች የአእምሮ ጤና ጥናትን ለማጠናከር በዩኒቨርሲቲዎች መካከል የተመሠረተውና «አፈርም» በሚል ምሕጻረ ቃል የታወቀው ኅብረት፣ ዚምባብዌንና ኢትዮጵያን ከደቡብ አፍሪቃ፣ ከማላዊ፣ ከኡጋንዳና ከጋና ጋር በአንድነት ይዞ ነበር። የኢትዮጵያው ድርሻ ከበድ ያለውን የአእምሮ ሕመም የሚመለከት ሲሆን፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ገጠር በሥልጠና የታገዙ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች የሚሰጡትን ክትትል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚሰጡት ጋር ያነጻጸረ ጥናት ተካሂዷል። የሀራሬው ጥናት ቀለል ካለው ሕመም ሲነሣ የኢትዮጵያው ከከባዱ ተነሣ፤ ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው፦ ከሐኪሙ እጅ የትኛው ሥራ፣ ለማን፣ በምን ዐይነት ድጋፍ ሊተላለፍ ይችላል? የሁለቱም አገሮች ተመራማሪዎች የደረሱበት መልስ በአንድ ነጥብ ላይ ይገናኛል፤ ሥራውን የተረከበ ሰው ከኋላው ዘወትር የሚጠይቀው ተቈጣጣሪ ያስፈልገዋል። በምባሬም አያቶቹ ብቻቸውን አልተተዉም፤ ያደመጡትን ክፉ ነገር እርስ በርስና ከባለሙያ ጋር የሚነጋገሩበት ጊዜ ነበራቸው።

ከስድስቱ ቀጠሮዎች በኋላ ስለሚሆነው ነገር በጥናቱ ሠንጠረዦች ውስጥ ብዙ አይገኝም። በአግዳሚው ላይ የተቀመጡ ሴቶች «ኩባታና ቶሴ» ወደሚባል ማኅበር ይጋበዛሉ፤ «ሁላችን እንያያዝ» እንደ ማለት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። እጃቸው ሥራ አይፈታም፤ ከተጣለ ፕላስቲክ የተቈረጠውን ክር በኪሮሽ እየሠሩ ቦርሳ ያወጣሉ። ነባሯ ለአዲሷ አያያዙን ታሳያታለች፤ በመካከል ስለ ኪራዩ፣ ስለ ባል፣ ስለ መድኃኒቱ ይወራል። ቦርሳዎቹ ይሸጣሉ፤ ገንዘቡም ለሴቶቹ ቤት መደጎሚያ ይሆናል።